ማን ነገረው?

ኅዳር 4

ለልጄ፣

ሦስት ወረቀት ቀድጄ ነው ይህኛው ላይ የደረስኩት። ሠላሳ ዓመት ያልጻፈ አባት ሰላምታውን ከየት እንደሚጀምር የሚያስተምረው ሰው የለም። እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ያስቸገረኝ ዓይኔ ብቻ ነው።

የላክሽው ጥቅል ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ስለዘገየሁ ይቅርታ። አሁንም አነብ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። እውነቱን ልንገርሽ፤ የግራ ዓይኔን ሞራ ሸፍኖታል፤ የቀኙ በማጉያ መነጽር ትልልቁን ፊደል ብቻ ይለያል። ልብ ወለድሽን የምታነብልኝ ባለቤቴ ናት። መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ እንደ ተማሪዎቿ ቆጥራኝ፣ ቃል በቃል ታነብልኛለች። እኔ "ቁሚ!" እላለሁ፤ እሷ ቀይ እስክሪብቶውን ታነሣለች። ይህንንም ደብዳቤ የምትጽፍልኝ እሷ ናት። "ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ልጅህ 'ነበር' አትጠግብም" ትላለች። ይህንንም ራሷ ናት የጻፈችው።

ግሱን ብቻ እንድመለከትልሽ፣ ታሪኩን እንዳልነካብሽ ለምነሻል። አልነካም። ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ስኖር የማንንም ታሪክ ነክቼ አላውቅም። ሰው ስህተቱን ብቻ ነው የሚሰጠኝ።

አሳታሚው "ዓረፍተ ነገሮቹ ልፍስፍስ ናቸው" ብሎ መመለሱ ልክ ነው፤ ምክንያቱን ግን አልነገረሽም። "ማልቀስ ጀመረች" ትያለሽ። ከጀመረች መቼ ጨረሰች? "አለቀሰች" በያት፤ ታልቅስበት። "ውሳኔ ላይ ደረሰ" ትያለሽ። ውሳኔ የአውቶቡስ ፌርማታ ነው እንዴ የሚደረስበት? "ወሰነ" በዪው። አንዱ ገጽ ላይ አሥራ አራት "ነበር" ቆጠርን። ዘጠኙን አወጣን፤ ገጹ እፎይ አለ።

ከሁሉ የከፋችው ግን "ተ" ናት። ተከፈተ፣ ተሰበረ፣ ተባለ፣ ተረሳ። ያንቺ መጽሐፍ ውስጥ ሁሉ ነገር በራሱ ይሆናል፤ ቤቱ ሰው የለበትም። ሳህን ራሱን አይሰብርም ልጄ። ሠሪውን አምጪው።

እስከ ምዕራፍ ስድስት አርመን ልከንልሻል።

እናትሽ እንዴት ናት? ይህን የምጠይቅበት ፊት እንደሌለኝ አውቃለሁ። ጠየቅሁ።

አባትሽ


ኅዳር 21

ለአባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎስ? ጉሮሯቸው እንዲያርፍ ብዬ አሥራ አንድ "ነበር" በራሴ እጅ ሰርዣለሁ፤ ይንገሩልኝ።

ከእርማቱ ጋር በላኩልኝ ካርድ ላይ አድራሻዎን ከየት እንዳገኘሁ ጠይቀዋል። በድሮው ማተሚያ ቤት አብሮዎት ይሠራ የነበረው ፊደል ለቃሚ እኛ ሆስፒታል ታክሞ ነበር። እኔ እዚያ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ካርዱን ስሞላ የት ይሠራ እንደነበር ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። "ታዲያ 'ቀዩ'ን ያውቁታል?" አልኩት። ሳቀ። "ቀይ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሳይሰካ አይተኛም ነበር! አሁንም በየዓመቱ ይጽፍልኛል፤ እኔ የምልክለትን መልስ ደግሞ አርሞ ይመልስልኛል" አለኝ። አድራሻውን በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ ጻፈልኝ። እጄ ከገባ ቆይቷል።

"ተ" ከየት እንደመጣችብኝ ገባኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የጻፍኩት ይህንኑ ነው፤ "ታካሚዋ ተመዝግባለች፣ ተመርምራለች፣ መድኃኒት ተሰጥቷታል፣ ተሰናብታለች።" ማን መረመራት? ማን አሰናበታት? ካርዱ አይናገርም። ነገር ሲበላሽ ደግሞ ይህ አጻጻፍ ይጠቅማል። "ካርዱ ጠፍቷል" እንላለን እንጂ እኔ ጣልኩት የሚል ሰው መዝገብ ቤታችን ውስጥ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እንደ ልጅነቴ "አንተ" ልልዎ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አይቀየሙኝ።

ሌላ የጠየቁኝን በሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 9

ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? "እርስዎ" ማለትሽ አላስቀየመኝም። የዘራሁትን ነው ያጨድኩት።

ምዕራፍ ሰባት ላይ ባለቤቴ ማንበቧን አቆመች። መነጽሯን አውልቃ "ይሄ ሰውዬ አንተ ነህ፣ አይደል?" አለችኝ።

"ቀጥዪ" አልኳት።

"ሻንጣው ተዘጋጀ። በሩ ተከፈተ። ቤቱ በዝምታ ተተወ።" እንዲህ ነው የጻፍሽው። ማንን ነው የምትሸሽጊው? እኔን ከሆነ ተዪው። ሻንጣውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እናትሽ የተኮሰቻቸውን ሸሚዞች አጥፌ የከተትኩት እኔ ነኝ። አንቺን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ እሷን የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት አድርጌ የተውኩት እኔ ነኝ። "ተተወ" ብለሽ ስትጽፊ ምሕረት ያደረግሽልኝ መስሎሽ ይሆናል። ባዶ ወንበር ላይ እንደ መፍረድ ነው፤ እኔም እፎይ አልልም፣ አንባቢውም አያምንሽም።

"በሥራ ምክንያት ሄደ" የሚለውንም ሰርዢው። ሥራ ነበረ፤ እውነት ነው። የሄድኩት ግን ብርጭቆዬን የሚቆጥርብኝ ሰው ወደሌለበት ነው። ለእናትሽ "ወር ሳይሞላ እልክላችኋለሁ" አልኳት። ሁለት ዓመት ጠጣሁ። አልጻፍኩም፤ ምንም አልላክሁም። አንቺ "ሁኔታዎች አልፈቀዱለትም" ብለሻል። ሁኔታዎችን ማን ጠየቃቸው?

ባለቤቴ ይህን ስትጽፍ ቀና ብላ አየችኝ። የመጠጤን ዘመን በወሬ ነው የምታውቀው፤ ስታገባኝ ካቆምኩ ቆይቼ ነበር።

ስለ እናትሽ ሳትመልሺልኝ አለፍሽ። ነገሩ ገብቶኛል። ባል ያላትን ሴት የቀድሞ ባሏ በደብዳቤ "እንዴት ናት" ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። ሁለተኛ አልጠይቅሽም። ባሏ ጥሩ ሰው ቢሆን ደስ ይለኛል።

አባትሽ


ታኅሣሥ 28

ለአባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ምዕራፍ ሰባትን እንዳሉኝ አረምኩት። "ሄደ" ብዬ ጻፍኩ፤ አንዲት ቃል። ከዚያ ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ምን ፍለጋ እንደገባሁ ጠፋኝና ተመልሼ ወጣሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ከምዕራፍ ዘጠኝ ጀምሮ ያለውን አያንብቡት። አሳታሚው ቸኩሏል፤ የቀረውን እኔው እጨርሰዋለሁ። ባለቤትዎም ይረፉ። ወረቀቱን እንዳለ በፖስታ ይመልሱልኝ።

ለምን ብለው አይጠይቁኝ።

ልጅዎ


ጥር 14

ልጄ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ መጽሐፉን ከጨረስን በኋላ ነው። አትዘኚብን፤ ባለቤቴ ከምዕራፍ ስምንት በኋላ ማቆም አቃታት። ሁለት ቀን ሽሮዋን እንኳ ሳይቀር አሳርራ አነበበችልኝ። ጎበዝ ነሽ። ይህን የምልሽ እንደ አራሚ ነው፤ እንደ አባት የማሞገስ መብቱን ጥዬዋለሁ።

አታንብብ ያልሽበትን ምክንያት ያገኘሁት መሰለኝ። ምዕራፍ ዘጠኝ ነው። ሰውየው ከሁለት ዓመት በኋላ በጠራራ ፀሐይ ተመልሶ ይመጣል። "እናትየው ሌላ ሰው እንዳገባች ተነገረው" ይላል። ማን ነገረው? እዚያ በር ላይ የነበርነው እኔና አንቺ ነን። እርሳስ በጥርስሽ ነክሰሽ ወጣሽ። እርሳሱን አወጣሽና "እናቴ አግብታለች። ሰውየው አሁን ለምሳ ይመጣል" አልሽኝ። "ደስ ብሏታል?" አልኩሽ። "አዎ" አልሽኝ። የያዝኩልሽን ጫማ ደፉ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ።

በዚህ አትፈሪ። ልጅ ያየውን ይናገራል። "ልጅቷ ነገረችው" ብለሽ ጻፊ። እውነት የተናገረ ሰው ስሙን አይደብቅም።

ሁለተኛው ግን የግስ ጉዳይ አይደለም፤ እውነተኛ ስህተት ነው፤ አሳታሚሽም አላየውም። ባልየውን ረስተሽዋል። ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ አግብታለች። ምዕራፍ አሥራ አራት ላይ ስትታመም አጠገቧ ያለችው ልጇ ብቻ ናት። ቤቱ ውስጥ የወንድ ኮት የለም፤ ምላጭ የለም፤ ጓዳ ሆኖ የሚያስል ሰው የለም። ባለቤቴ "ሳልፈው ይሆናል" ብላ ወደ ኋላ እየገለጠች ሁለት ጊዜ ፈለገችው። ወይ ይሙት፣ ወይ ይፋቱ፣ ወይ መንገድ ይሂድ፤ ብቻ የት እንደገባ ለአንባቢ ንገሪው። ሰው እንዲህ ያለ ዱካ አይጠፋም።

አባትሽ


የካቲት 3

አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡልህ ባለቤትህ ናቸው። እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለብቻው እንዲሰማው የማደርግበት መንገድ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

"አንተ" ስልህ ያን ቀን በር ላይ የቆመችው ልጅ ናት የምትናገረው፤ እሷ ሌላ አጠራር አታውቅም።

ባልየውን አልረሳሁትም። ባል አልነበረም።

እማዬ አላገባችም። ያን ቀንም፣ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም። ዋሸሁህ። መጽሐፉ ውስጥ "ዋሸችው" ብዬ አሥር ጊዜ ጽፌ አሥር ጊዜ ሰረዝኩ፤ በመጨረሻ "ተነገረው" አልኩና ተኛሁ።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እማዬ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ስትመለስ ያበጠ እግሯን ባልዲ ውስጥ ትነክራለች፤ እኔ ውኃ አሞቅላታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስምህን በክፉ አላነሣችም። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው። አንተ ስትመጣ ኮትህ ንጹሕ ነበር። ፊትህ ወዝ ነበረው። ታመህ ወይ ተጎሳቁለህ ብትመጣ ኖሮ አስገባህ ነበር። አምሮብህ መጣህ። ያኔ ቃሉ ከአፌ ወጣ። ይቅርታ፣ ይህም ልፍስፍስ ነው፤ ቃል በራሱ አይወጣም። እኔ ተናገርኩት። "ደስ ብሏታል?" ስትለኝ ደግሞ መመለስ እችል ነበር። ፋብሪካው በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። "አዎ" አልኩህ።

ጫማውን እማዬ እንዳታየው ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁት። ልኬ ነበር። እማዬ ስትመጣ ደፉ ላይ የጫማ ዱካ አይታ "ሰው መጥቶ ነበር እንዴ?" አለችኝ። "ማንም አልመጣም" አልኳት።

ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ አደግሁ። ሃያ ሲሞላኝ ነገሩ ያረጀ መሰለኝ። ሠላሳ ሲሞላኝ ብነግራት የሚቀለው ለእኔ ብቻ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እሷ ግን ፋብሪካው በየዓመቱ ቅጽ ሲያስሞላት "የቅርብ ተጠሪ" ከሚለው ፊት ያንተን ስም ትጽፋለች። "የት እንዳለ ሳታውቂ?" ስላት "ሲሰማ ይመጣል" ትለኛለች። ስትታመም እኛ ሆስፒታል ገባች፤ ካርዷን የሞላሁት እኔ ነኝ። ያንኑ ስም አስጻፈችኝ። ነርሷ "እኚህን ሰው እንጥራቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። "አይገኝም" አልኳት።

የጠየቅኸኝን አሁን ልመልስልህ። እማዬ ሞታለች። ካቻምና ሰኔ አሥራ ሰባት፣ ሐሙስ ቀን፣ ረፋድ ላይ። ፊደል ለቃሚው ሆስፒታላችን የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሁለት ወር ቀድሞ ቢታመም ኖሮ ብዬ የተመኘሁ ክፉ ሰው ነኝ። አድራሻህን ይዤ ለአንተ ደብዳቤ መጻፍ ቢያቅተኝ መጽሐፍ ጻፍኩ።

ለእሷ አልነገርኳትም። እጄን ይዛ ሳለች እንኳ አልነገርኳትም።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍም። የምትመልሰው ቸግሮህ ስትቀመጥ ይታየኛል።

ልጅህ


ሚያዝያ 10

አባዬ፣

መልስ አልጠብቅም ብዬ ነበር፤ ግን በየቀኑ የፖስታ ሣጥኑን እከፍታለሁ። አሳታሚው ሁለት ጊዜ ደወለ። "ይቆይ" አልኩት። ዓይንህ እንዴት ሆነ? ሌላውን ተወው። የዓይንህን ነገር ብቻ እትዬ በሁለት መስመር ይጻፉልኝ።

ልጅህ


ግንቦት 22

ልጄ፣

ይህን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። የግራ ዓይኔን ሞራ አውጥተውልኛል፤ መስመሩ ቢጣመምብኝ ከእጄ እንጂ ከዓይኔ አይደለም። ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያነበብኩት ያንቺን የየካቲት ደብዳቤ ነው። ለብቻዬ ልስማው ብዬ።

ባለቤቴ መጀመሪያ ስታነብልኝ ድምጿ አልተለወጠም። እስከ ፊርማሽ አነበበችው፤ አጠፈችው። ከዚያ ቤት ውስጥ ያለውን አንሶላ ሁሉ አውጥታ ተኮሰች፤ የተተኮሰውንም ደገመችው። ሦስት ቀን ቆይታ "ልጅቷ እውነቱን ብትነግርህ ኖሮ እኔን አታውቀኝም ነበር" አለችኝ።

"አላውቅሽም ነበር" አልኳት።

ሃያ ስድስት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት። ያንቺን ውሸት ብረግም የእሷን ዘመን መርገሜ ነው። ባልረግም እናትሽን ደግሜ መተዌ ነው። ሦስት ወር ዝም ያልኩሽ በዚህ መሐል ተቀርቅሬ ነው።

ተቆጥቼሻለሁ። አልደብቅሽም። አንዳንድ ቀን ደብዳቤሽን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ መሳቢያ ውስጥ እጥለዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ አወጣዋለሁ። ሃያ ደቂቃ በእግር! እሷ እዚያ ተቀምጣ እጅጌ ስትሰፋ እኔ ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ስሄድ።

ግን አንድ ነገር አለ፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴም ትናንት ነው የነገርኳት። ያን ቀን "አግብታለች" ስትዪኝ ቀለለኝ። ሰማሽኝ? ቀለለኝ። መንገዱን ሁሉ እናትሽን ፊት ለፊት ሳያት ምን እንደምላት ሳሰላስል ነበር የመጣሁት፤ አንዲት ቃል አላገኘሁም ነበር። አንቺ ዋሸሽኝና ገላገልሽኝ። የአንዲት ትንሽ ልጅ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰምቼ፣ ፋብሪካው የት እንደሆነ እያወቅሁ፣ ከራሷ ልስማ ሳልል ተመለስኩ። የሰው ስህተት ሠላሳ አንድ ዓመት ሳርም የኖርኩ ሰውዬ፣ ያቺን አንዲት ወሬ ሳላጣራ አሳለፍኳት። እንድታልፍ ስለፈለግሁ።

ባለፈው ሳምንት ወደ አንቺ ከተማ መጥተን ነበር። አልነገርንሽም። የመቃብሩ ጠባቂ አሳየን። ባለቤቴ ራቅ ብላ ቆመች፤ ዣንጥላዋን ዘርግታ ጀርባዋን ሰጠችን። ለእናትሽ የተናገርኩትን አልጽፍልሽም። ብዙም አልተናገርኩም።

"ይቅር ተብለሻል" ብዬ ልጽፍልሽ እችል ነበር። ደህና ዓረፍተ ነገር ነው፤ የሚያጣላ የለም። ማን ይቅር አለኝ ብትዪ ግን ዛሬ መልስ የለኝም። እናትሽን ወክዬ አልናገርም። የራሴን ደግሞ ገና አልጨረስኩትም።

መጽሐፉን አሳትሚው። "ዋሸችው" በዪ። ከእሱ ቀጥለሽ "እሱም ማመኑ ቀለለውና አመናት" ብለሽ ጨምሪ። ይህች የእኔ እርማት ናት፤ እንዳትሰርዣት።

ወደ ጣቢያው የሚመለሰው አውቶቡስ በመንገድሽ ያልፋል። የቤት ቁጥርሽን ከፖስታው ጀርባ አውቀዋለሁ። ልክ በርሽ ፊት ለፊት ሰው ለማውረድ ቆመ። አንቺ ሰገነቱ ላይ ልብስ ታሰጫለሽ፤ መቆንጠጫውን አፍሽ ውስጥ ይዘሻል። ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝና "ተነሥ፣ እንውረድ" አለችኝ። "ዛሬ አልችልም" አልኳት። "ታዲያ ቢያንስ እያት" አለችኝ።

አየሁሽ። ሞራ የወጣለት ዓይን ከሩቅ አጥርቶ ያያል። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩት ለአንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ጎንበስ ብለሽ ከባልዲው ሸሚዝ ስታነሺ ወገብሽን በእጅሽ ደገፍሽ። ቀና ስትዪ ፀጉርሽ ከግንባርሽ እስከ ጆሮሽ ነጭ ነው።

መቼ ሸበትሽ ልጄ?

አባትሽ